ትሪው እኔ ጋ ሲደርስ

ውድ እትዬ፣

27 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ማራኪ አካባቢ ከእናቴና ከእኅቴ ልጅ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴ ሲያርፍ ነገሩ ሁሉ ጨለመብኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «እሁድ ከእኔ ጋር ነይና ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ባፕቲስት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መካከለኛ አዳራሽ ነው። በር ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉኝ። ማን ነሽ፣ ምን ነሽ ብለው አልጠየቁኝም። መዝሙር ሲጀመር አለቀስሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣልኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ሦስት እሁድ እሄዳለሁ። ለእናቴ «ተረኛ ነኝ» እላታለሁ።

ችግሬ የጌታ እራት ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ይቀርባል። ቂጣው ተቆራርሶ በሳህን፣ የወይን ጭማቂው በትንንሽ ብርጭቆ በትሪ ሆኖ በየወንበሩ ይዞራል። እኔ አልተጠመቅሁም። ማለቴ በ80 ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ፤ እነሱ የሚሉትን የውኃ ጥምቀት ግን አልወሰድኩም። ስለዚህ ትሪው ሊመጣ ሲል ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወጣ እላለሁ።

የነሐሴ የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት ከቤት ስወጣ የእኅቴ ልጅ ከቅዳሴ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ቆርቦ አፉን በነጠላ ሸፍኗል። በዓይኑ ብቻ ሳቀልኝ። አዳራሹ ስደርስ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ የሰባኪው ድምፅ እንኳ አይሰማም። እንደ ወትሮዬ መውጣት አልቻልኩም፣ መሃል ላይ ነበርኩ። ትሪውን የያዘው ልጅ ፊቴ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ወሰድኩ። በላሁ፣ ጠጣሁም።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሳላስበው አፌን በእጄ ሸፍኜ ነበር። እናቴ ምሳ አቀረበችልኝ፤ አልወርድ አለኝ። ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ «ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት» የሚለው ላይ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እነሱን አታለልኳቸው? እናቴን ከዳኋት? ጓደኛዬ «ተጠመቂና ይለፍልሽ» ትለኛለች። የጥምቀት ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል። ማተቤ አሁንም አንገቴ ላይ ነው፤ እዚያ ስሄድ ሻርፕ አደርግበታለሁ። ላውልቀው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከማራኪ

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ስለ ትሪው ብዙ ጽፈሻል። እኔን የያዘኝ ግን ባጃጁ ነው። ማንም ሳያዝሽ እጅሽ አፍሽን ሸፈነ። ቅዱስ ነገር የሚያቃልል ሰው እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ «አታለልኳቸው ወይ?» ላልሽኝ፣ አላታለልሽም። የደነገጥሽ ሰው ነሽ። አባቷን የቀበረች፣ ሁለት ቤት የምትወድ፣ በሁለቱም ቤት ግማሹን ብቻ የምትናገር ልጅ ነሽ። ድካምሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የእኔንም ልንገርሽ። ያደግሁት በቅዳሴ ነው። ባፕቲስት ወዳጆችም አሉኝ፣ ቤታቸውም ገብቼ አውቃለሁ። ወደ አንዱ ልስብሽ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ቃል እንየው። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ላይ ነው። አንቺ ዓይንሽ ያረፈው ቁጥር 27 ላይ ነው። ዛሬ ማታ ከቁጥር 20 ጀምሪው። የቆሮንቶስ ሰዎች ለጌታ እራት ይሰበሰቡ ነበር። ያለው ቀድሞ ይበላል፣ ይሰክራል። የሌለው ተርቦ ያያል። ጳውሎስን ያስቆጣው ይህ ነው፤ ምስኪኑን በገበታው ላይ ማሳፈራቸው። ደግሞም «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ቃል «ይብላ» ነው። ይሽሽ አላለም። በዚያ እሁድ ደግሞ አንቺ ያሳፈርሽው ሰው የለም። ያፈርሽው ራስሽ ነሽ።

እንዲህ ስል ግን «ምንም አልሆነም፣ እርሺው» እያልኩሽ አይደለም። የበላሽው አፍረሽ ነው። ይሄ ይቆጠቁጣል፤ መቆጥቆጡም ልክ ነው።

እጅሽ ለምን እንደተዘረጋ ግን በደንብ ይገባኛል። እኛ ጋ ፊት ለፊት የቀረበ ነገር አይመለስም። «በሞቴ» ተብሎ የመጣ ጉርሻ፣ ጠግበሽም ቢሆን ትጎርሻለሽ። እምቢ ማለት ሰውየውን መናቅ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ያ ልጅ ትሪውን ይዞ ፊትሽ ሲቆም፣ የእናትሽ ቤት አስተዳደግ ነው እጅሽን ያዘረጋው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ከእናትሽ እምነት ወጣሁ ብለሽ የፈራሽበት ደቂቃ፣ የእናትሽ ልጅ መሆንሽ በደንብ የታየበት ደቂቃ ነው።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ስትበዪው ምን እየበላሽ ነበር?

ይህን የምጠይቅሽ ሁለቱ ቤቶች ስለ ገበታው አንድ ዓይነት ነገር ስለማይሉ ነው። ባፕቲስቶች መነሻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1609 አምስተርዳም በስደት የነበሩ እንግሊዛውያን ናቸው። መሪያቸው ጆን ስሚዝ ይባል ነበር። እምነቱን በገዛ አፉ የሚመሰክር ሰው ይጠመቅ፣ ሕፃን ግን ገና ይቆይ አሉ። ዛሬም የሚያጠምቁት አምኛለሁ ያለውን ሰው ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ውኃ ውስጥ አስገብተው። እራቱን ደግሞ አብዛኞቹ የሚወስዱት እንደ መታሰቢያ ነው፤ «ለመታሰቢያዬ አድርጉት» የሚለውን ቃል ይዘው። ያደግሽበት ቤት ግን አማናዊ ሥጋውና ደሙ ነው ይላል። ለዚያ ነው የንስሐ አባት የሚጠየቀው። ለዚያ ነው 18 ሰዓት የሚጾመው። ለዚያ ነው የእኅትሽ ልጅ አፉን ሸፍኖ በዓይኑ ብቻ የሳቀልሽ። አንቺ አዳራሹ ውስጥ የተቀበልሽው እንደ መታሰቢያ ነው። ባጃጁ ውስጥ እጅሽ ያደረገው ግን የቅዳሴውን ነው። መልሱን አሁን አትስጪኝ። ግን ትሪው ዳግመኛ ከመምጣቱ በፊት ለራስሽ መልሺው።

ሌላው ነገር፣ ያ ገበታ ለማን እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ «ያልተጠመቀ አይወስድም» የሚለውን ማንም አልነገረሽም፤ ራስሽ ገምተሽ ነው የምትወጪው። ግምትሽ ልክ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ባፕቲስቶች በዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን የቤድፎርዱ መጋቢ ጆን ቡንያን «የውኃ ጥምቀት ልዩነት ክርስቲያንን ከገበታ አያስቀርም» ባይ ነበር። የለንደኑ ዊልያም ኪፊን ደግሞ «ያልተጠመቀ አይቅረብ» ብሎ ሞገተው። ሁለቱም ከባፕቲስቶች ይቆጠራሉ። ባፕቲስቶች ዘንድ ከላይ ሆኖ «እንዲህ አድርጉ» ብሎ የሚያዝ የለም፣ ጉባኤው ራሱ ነው የሚወስነው። አንዳንዱ ጋ ጌታን የሚያምን ሁሉ ይካፈላል። አንዳንዱ ጋ አምኖ የተጠመቀ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያን አዳራሽ ልማድ የሚነግሩሽ የዚያ አዳራሽ መጋቢና ሽማግሌዎች ናቸው። ጓደኛሽም እኔም አይደለንም።

መጋቢውን እሁድ በር ላይ አትያዣቸው። ሰው ይበዛል፣ ዝናብ አለ፣ አንቺም «ደህና ነኝ» ብለሽ ታልፊያለሽ። በሥራ ቀን ደውዪላቸው። «ሩብ ሰዓት ይበቃኛል» በያቸው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ በር ላይ እጅሽን የያዙት ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸው የሚገባቸው ሰው ይመስሉኛል። የምትናገሪው ረጅም አይደለም። «እኔ አልተጠመቅሁም። ነሐሴ ላይ አፍሬ ወሰድኩ። ይህ ገበታ ለማን ነው? ካልወሰድኩስ መምጣቴን መቀጠል እችላለሁ?» ይኸው ነው። ከዚያ ዝም በይና የሚሉሽን ስሚ። ምን እንዳሉ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሉትም አስተውዪ። ጊዜ ከሰጡሽ፣ ከጠየቁሽ፣ እናትሽን ካሰቡልሽ መልካም ነው። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «መቼ ትጠመቂያለሽ?» ካሉሽ ግን «ላስብበት» ብለሽ ተነሺ።

ትሪውን ማሳለፍ ደግሞ ነውር የለበትም። እኔ ራሴ በእንግድነት ሄጄ ደርሶብኛል። ብርጭቆዎቹ ከጣቴ ጫፍ ብዙም አይበልጡም፤ ትሪው ሲንቀሳቀስ ኪሊሊ ይላሉ። ልቤ ይመታ ነበር። በሁለት እጄ ተቀበልኩና አጠገቤ ላሉት እናት አሳለፍኩ። እሳቸው አንዷን አንሥተው፣ ትሪውን ለሚቀጥለው ሰጥተው፣ መልሰው እጄን ያዙኝ። እስኪያልቅ አልለቀቁኝም። ያን ቀን ከገበታው ምንም አልቀመስኩም፤ ግን የተገፋሁ ሆኖ አልተሰማኝም። አንቺም የመስከረሙ የመጀመሪያ እሁድ ሲደርስ ስልክ የተደወለልሽ አታስመስዪ። ዳር ላይ ተቀመጪ። ጓደኛሽ ከጎንሽ ትሁን፤ ቀድመሽ «ዛሬ አሳልፋለሁ» በያት። ትሪው ሲመጣ በእጅሽ ተቀብለሽ አሳልፊው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጸልዪ ወይም ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እንግዳ እወዳለሁ የሚል ቤት ይህን ይችላል።

የጓደኛሽን ምክር ግን አልወደድኩትም። በፍቅር ያለችው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥምቀት ሐፍረት ማስታገሻ አይደለም። የእሷው ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይህንኑ ይላል። ሕፃን የማያጠምቁት ሰው አውቆ፣ ወዶ፣ በራሱ አፍ ይመስክር ብለው ነው። «ትሪው ይለፍልኝ» ብሎ የሚጠመቅ ሰው ምን ሊመሰክር ነው? ትምህርቱን ዝም ብሎ መከታተል የሚቻል ከሆነ መጋቢውን ጠይቂና ተማሪ። መማር ቃል መግባት አይደለም። ቀኑን ግን ማንም እንዳይቆርጥልሽ።

እየተማርሽም ሳለ አንድ ነገር ከራስሽ ጋር ተነጋገሪ። እዚያ ያገኘሽው ምንድን ነው? ያላወቅሽውን ጌታ ነው ያወቅሽው? ወይስ አባትሽን የምታለቅሺበት ቦታ ነው ያገኘሽው? ሁለቱም ትልቅ ነገር ነው፣ አንዱን አላሳንስብሽም። ምናልባት አንድ ላይ ናቸው። የማስበውን ልንገርሽ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ማን ነበር ሲያስተናግድ የዋለው? ቡናው፣ ንፍሮው፣ እንግዳው በማን እጅ ነበር? ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ የአባቷን ለቅሶ ቆማ ነው የምታሳልፈው። በዚያ አዳራሽ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ተባልሽ። ተቀመጥሽ፤ እንባሽም መጣ። እንዲህ ከሆነ፣ ወደ ንስሐ አባታችሁም ሄደሽ «አባቴን ገና አላለቀስኩም» ማለት ትችያለሽ። እዚያም የሚያስቀምጥሽ ሰው ልታገኚ ትችያለሽ። ይህን ሞክረሽ፣ ልብሽ አሁንም ወደ አዳራሹ ካለ፣ ውሳኔሽ የጠራ ይሆናል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ከሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ ለዚህም ነው ወደ ኋላ ያስቀረሁት።

ጎንደር ላይ «ጥምቀት» የሚለው ቃል በእናትሽ ጆሮ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጥር 11 ነው፣ የፋሲለደስ መዋኛ ነው፣ ታቦቱ ነው፣ እልልታው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የአንቺ 80ኛ ቀን ነው። ክርስትና እናትሽ ታቅፈውሽ፣ ሜሮን ተቀብተሽ፣ በዚያው ቀን ቆርበሻል። እናትሽ በየቅዳሴው «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ይላሉ። «ልጠመቅ ነው» ስትያቸው የሚሰሙት አዲስ ነገር ልጀምር ነው የሚለውን አይደለም። ያ ቀን ከንቱ ነበር የሚለውን ነው። አንቺ እንደዚያ ባትይም እሳቸው የሚሰሙት ይሄንን ነው።

ሌላም ፍርሃት አላቸው፤ ምናልባት አይነግሩሽም። የት ትቀበሪያለሽ የሚለው ነው። አባትሽ ካረፉበት ደብር ተለይተሽ ሌላ ቦታ መቀበርሽን ያስባሉ። በእድሩ፣ በማርያም ማኅበራቸው «ልጇ ጴንጤ ሆነች» መባሉን ያስባሉ። ይህን እልኸኝነት ነው ብለሽ አትለፊው። ባላቸውን ገና ሁለት ዓመት ነው የቀበሩት። አሁን ደግሞ ልጃቸው ከቤተሰቡ መቃብር እንዳትለይ ይፈራሉ።

ስለዚህ በፍልሰታ አትንገሪያቸው። ሱባኤያቸውን አታናውጪባቸው። እንቁጣጣሽም ላይ አይሆንም። በመሃል ጳጉሜን አለች፤ ጸጥ ያለች ናት፣ ሰውም አይበዛም። ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። የእኅትሽ ልጅ ውጭ ይጫወት። ስለ ቤተ ክርስቲያን አትጀምሪ፣ ስለ አባትሽ ጀምሪ። «እምዬ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ ደህና አይደለሁም» በያቸው። ይህን እስካሁን ነግረሻቸው ይሆን? እሳቸውስ ደህና ናቸው? አብራችሁ አልቅሱ፣ ይቆይ። ከዚያ «አንዳንድ እሁድ ተረኛ ነኝ የምልሽ ውሸት ነው። የጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እዚያ ነው እንባዬ የወጣልኝ» በያቸው።

«ጴንጤ ሆንሽ?» ይሉሻል። እውነቱ አልወሰንሽም ነው፤ ይህንኑ በያቸው። «አልሆንኩም፣ አልሄድም» ብለሽ አታባብያቸው። «አዎ» ብለሽም ያልደረስሽበትን አትናገሪ። ሊያለቅሱ ይችላሉ። ሁለት ቀን ሊያኮርፉ ይችላሉ። የንስሐ አባታችሁን ቤት ሊጠሩ ይችላሉ። ይምጡ። ጸበል ይርጩ፣ ይምከሩሽ፤ ተቀምጠሽ ስሚ። አትከራከሪ። አንቺ ያነበብሽውን ጥቅስ ሁሉ በዚያ ቀን መደርደር አያስፈልግም። ነገሩ ከረረ ብለሽ ከፈራሽ ክርስትና እናትሽን ቀድመሽ አናግሪ፤ በሕይወት ካሉ። ያቀፉሽ እሳቸው ናቸው፣ እናትሽም ይሰሟቸዋል። ያኔ ቢከፋም ብቻሽን አትሆኚም።

እናትሽን ከዳኋቸው ወይ ላልሽው፣ ቂጣው ክህደት አይመስለኝም። «ተረኛ ነኝ» የሚለው ግን ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ እሱ ይቁም። ሌላው ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቢፈጅም ምንም አይደለም። ገበታው የትም አይሄድም።

ማተብሽን ላውልቀው ወይ ብለሽ ነበር። ያን ክር ክርስትና ስትነሺ ቄሱ አሰሩልሽ። ሲያረጅ እየቀየሩ እዚህ ያደረሱት ግን እናትሽ ይመስሉኛል። እሳቸውን ሳታናግሪ አታውልቂው። ወደ አዳራሹ ስትሄጂም ሻርፑን ለብርድ ከሆነ አድርጊው፤ ለክሩ ብለሽ ግን አታድርጊው። አንገትሽ ላይ ይታይ። በር ላይ እጅሽን የሚይዙት ሽማግሌ ያዩታል። በሁለት እጃቸው ያዙሽ ወይስ አልያዙሽም፣ ጻፊልኝ።